ከልብ ጀርባ ያለችው ነጥብ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎንደር ፒያሳ ላይ ስመላለስ የሰው ደረት እያየሁ እቆማለሁ። አንድ ትከሻው የሰፋ ሰው ባጠገቤ ካለፈ፣ «ይኼን ደረት አንስቼው ይሆን?» እላለሁ። የሰው ፊት ቶሎ ይጠፋኛል፤ የጎድን አጥንት ግን አልረሳም። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሲያስለው «ትከሻዎ ድሮ ተሰብሮ ነበር አይደል?» ብዬው ደንግጦ ሊወርድ ነበር።

ስሜ ትርንጎ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ራጅ ሳነሳ ኖርሁ፤ መጀመሪያ በፊልምና በጨለማ ክፍል፣ በኋላ በኮምፒዩተር። ስሸኝ የተሰጠኝ ወረቀት «የራጅ ባለሙያ» ይላል፤ ትክክል ነው። ከሥራዬ ሁሉ ይበልጥ የወደድሁት ግን ወረቀቱ ላይ የለም፤ ማንም ሳያዝዘኝ ዘግይቼ የተማርሁት ነው። የሞተ ማሽን ትቷቸው የሄደውን ቁጥሮች መልሼ ምስል ማድረግ ተማርሁ።

ሥራውን ያስያዙኝ አያ ምስጋናው ናቸው። ከኮሌጅ ወጥቼ ጎንደር ሆስፒታል ስመደብ ጠጉራቸው ነጭ ነበር። ጨለማው ክፍል የሳቸው ነው፤ ከቀይ መብራቷ በስተቀር ምንም አይታይም። ፊልሙን መድኃኒቱ ውስጥ ሲነክሩት ሰዓት አይመለከቱም። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ተምረው ስለነበር ዳዊት ይደግማሉ። የትኛው መዝሙር ሲያልቅ ፊልሙ እንደሚደርስ ያውቁታል። ክረምት ገብቶ ውኃው ሲቀዘቅዝ ረዘም ያለውን ይመርጣሉ።

«አያ፣ ሰዓቱ ግድግዳው ላይ እያለ ምነው?» አልኋቸው አንድ ጊዜ።

«ሰዓት ብርድ አያውቅም» አሉኝ።

የታጠበውን ፊልም መብራት ላይ ሲሰቅሉት ደግሞ መሃሉን አያዩም። መጀመሪያ የሚያዩት ዳር ዳሩን ነው። ቀኝና ግራ የምትለየው፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራች ትንሽ ፊደል አለች፤ እሷ በቦታዋ መሆኗን ያያሉ። ቀጥሎ ትከሻውን፣ ቀጥሎ የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ። መጨረሻ ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት እንደ ቱቦ ይጠቀልሉና፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በቱቦው ቀዳዳ ልብ ያለበትን ነጭ ቦታ ይመረምራሉ። በፊልም ላይ ልብ ነጭ ነው፤ መብራቱ ዓይን ይወጋል።

«ዓይን ሁሉን ባንዴ ልይ ካለ አንዱንም አያይም» ይሉኛል። «ብርሃኑን ቀንሺለት።»

እኔ ያን ጊዜ የሽማግሌ ልማድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

ቀጥሎ ደባርቅ ተመደብሁ። ማሽኑ ትንሽ፣ ጄኔሬተሩ አኩራፊ ነበር፤ ብርዱ እጄን አድርቆት በሽተኛ ስነካ ይሸማቀቅብኝ ነበር። እዚያ ብዙ ስብራት አነሳሁ። ከገደል የወደቀ፣ በቅሎ የጣለችው፣ ማኪና የገለበጠው። ወደ ጎንደር ስመለስ አያ ምስጋናው ጡረታ ወጥተው ኮሶዬ ወንድማቸው ቤት ገብተዋል። የጨለማው ክፍልም የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆኗል። ፊልም የማይፈልግ ማሽን በእርዳታ መጥቶ ነበር። ሰሌዳውን ከበሽተኛው ጀርባ ታደርጊያለሽ፣ ጨረሩን ትለቂያለሽ፣ ሰሌዳውን ለማንበቢያው ታጎርሺዋለሽ፤ ምስሉ ስክሪን ላይ ብቅ ይላል። ዳዊት የለ፣ መድኃኒት የለ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ።

ማሽኑ ጥቂት ዓመታት በሸጋ ሠርቶ አንድ ቀን ጠዋት አልነሳም አለ። ከባህር ማዶ የሠራው ድርጅት ያን ዓይነት ማምረት አቁሟል ተባለ። የክፍል ኃላፊያችን ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን ወደ ኋላ ማየት አይወድም። «ሌላ እየመጣ ነው፤ ይኼን አውጡት» አለ። ሌላው መጣ፤ አሮጌው ወጣ። እኔ የኮምፒዩተሩን ሃርድ ዲስክ አስፈትቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥሁት። የስንት ሺህ ሰው አጥንትና ሳንባ እዚያ ውስጥ እንዳለ ሳስብ መጣሉ አልሆንልሽ አለኝ። የፊልም ወጪ ለመቆጠብ ብለን ብዙውን ምስል አላተምነውም ነበር። ዲስኩን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ስሰካው ፋይሎቹ አሉ፤ ስማቸውም የበሽተኛው የካርድ ቁጥር ነው። ግን አንድም ፕሮግራም አይከፍታቸውም። «የማይታወቅ ዓይነት» ብቻ ይላል።

ይኼ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ወይዘሮ ጥሩ ከዛሪማ ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ ነው። ልጅቱ እንጉዳይ ትባላለች፤ ያገባች ወጣት ሴት ናት። ጉልበቷ አብጧል። ከዓመታት በፊት ያንኑ ጉልበት በአሮጌው ማሽን ያነሳኋት እኔ ነበርሁ። አሁን የአጥንት ሐኪሙ አዲሱን ራጅ አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ዕጢ ነው፤ ክፉው ዓይነት ይሁን ገሩ ግን በአንድ ምስል ብቻ መለየት አልቻለም። «የድሮውን ባየው» አለኝ። «ያን ጊዜም ከነበረና ቀስ ብሎ ያደገ ከሆነ እግሯን ላተርፍ እችላለሁ። በቅርቡ የመጣና በፍጥነት ያደገ ከሆነ ግን መጠበቅ አልችልም።»

ፋይሉን አገኘሁት። የካርድ ቁጥሯ ያው ነው። ስከፍተው አይከፈትም። የምስል ፕሮግራም ሁሉ ሞከርሁ፤ ፒያሳ ካለው የኮምፒዩተር ሱቅ ሄጄ ባለሙያ ጠየቅሁ፤ አንዱ ፕሮግራም በግድ ሲከፍተው አንቴናው የወደቀ ቴሌቪዥን የመሰለ ነጭና ጥቁር ብናኝ አሳየኝ።

ወይዘሮ ጥሩ ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ይጠብቁኛል።

«ልጄ፣ ምነው ጠፋ ትሉኛላችሁ? ያነሳችኋት እዚሁ አይደል?»

«አልጠፋም እማማ፤ አለ። ማየት ነው ያቃተን።»

«ካለ ምነው አይታይም?»

ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለስሁ። ሐኪሙ ሊጠብቅ የሚችለውን ያህል ጠበቀ። በመጨረሻ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተቆረጠ። ሕይወቷ ተረፈ፤ ሐኪሙም በያዘው ማስረጃ የተሻለውን አደረገ። ወይዘሮ ጥሩ ሊሄዱ ሲሉ ክፍሌ ድረስ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። የእናትየዋ ጥያቄ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ካለ ምነው አይታይም?

ጥያቄውን ይዤ ወደ ሰላማዊት ሄድሁ። ሰላማዊት የሆስፒታሉን መረጃ የምታጠናቅር፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሳቋ ሦስት ክፍል የሚያልፍ ሴት ናት። ሪፖርቷን ፓይተን በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ እንደምትሠራ አውቅ ነበር።

«እትዬ ትርንጎ፣ ለምን እንደ ምስል እንከፍተዋለን? እንደ ቁጥር እንክፈተው» አለችኝ።

ሁለት መስመር ጻፈች፤ ስክሪኑ በቁጥር ተሞላ። ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«አጥንት ነዋ» ብላ ሳቀች። «እያንዳንዱ ቁጥር አንዲት ነጥብ ምን ያህል ነጭ እንደሆነች ይናገራል። ማሽኑ የጻፈው ይኼንኑ ብቻ ነው። ስንት ነጥብ አንድ መስመር እንደሚሆን፣ የትኛው ቁጥር ጥቁር የትኛው ነጭ እንደሆነ አልጻፈም። ያንን ማሽኑ ራሱ ስለሚያውቀው መጻፍ አላስፈለገውም።»

እና ማሽኑ ሞቷል።

ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓታችን ተቀየረ። እሷ ምግቧን ይዛ እኔ ክፍል ትመጣለች፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ስህተቴን ታርማለች። አንዲት ነጠላ ሰረዝ በመሳቴ ስንት ቀን ቀይ ጽሑፍ እንደሰደበኝ አልናገርም። ግን እንዲህ የሚያጓጓ ነገር በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ቁጥሮቹን አንድ ረጅም ሰልፍ አድርገሽ ታነቢያለሽ፣ ሰልፉን እየቆረጥሽ መስመር በመስመር ታነጥፊዋለሽ፣ የተነጠፈውን የምስል ፋይል አድርገሽ ታስቀምጫለሽ። ኮዱ አጭር ነው። ጭንቁ የት ላይ መቁረጥ እንዳለብሽ ማወቁ ነው።

ለመሞከሪያ ከመረጥነው የአንድ ሰው ደረት ፋይል መጀመሪያ ያገኘነው ያው ብናኝ ነበር። ሰላማዊት «እያንዳንዱ ቁጥር በሁለት ባይት፣ ማለት በሁለት ቁራጭ ተከፍሎ የተጻፈ ይመስለኛል፤ ምናልባት ቅደም ተከተላቸውን ገልብጠን እያነበብን ነው» አለች። ገለበጥነው። ብናኙ ጠፋና ቅርጽ መጣ፤ ነገር ግን ደረቱ ነፋስ እንደጣለው ገብስ ወደ ጎን ተኝቷል። የመስመሩ ስፋት ትክክል ስላልሆነ እያንዳንዱ መስመር ከበላዩ ካለው ትንሽ ይንሸራተታል። ይኼን ጊዜ የኔ ዕውቀት ሠራ። የሰሌዳውን ቁመትና ወርድ በእጄ ስሸከመው ስለኖርሁ አውቀዋለሁ። ያንን ምጣኔ ከፋይሉ መጠን ጋር አስልቼ ስፋቱን ቀየርሁ፤ አከርካሪው ቀስ እያለ ቀና አለ። ሁለታችንም ጮህን።

ጩኸታችን ቶሎ ተቋረጠ፤ አጥንቱ ጥቁር ሳንባው ነጭ ነበር። እሱን ገለበጥነው። ቀጥሎ ደግሞ ሰላማዊት ስክሪኑን ስታይ እኔ ሳቄ መጣ።

«ምነው?»

«ልቡ በቀኝ በኩል ነው!»

እንዲህ ዓይነት ሰው በአሥር ሺህ አንድ ሊወለድ ይችላል ብለን ሌላ ፋይል ከፈትን፤ የሱም ልብ በቀኝ ነው። ዳር ላይ ያለችውን የእርሳስ ፊደል ሳያት በመስታወት እንደታየች ተገልብጣለች። መስመሮቹን ከቀኝ ወደ ግራ ስናነጥፋቸው ልብ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን ቀን ምሳችንን ሳንበላ ቀረን።

ኮዱ ከሠራልን በኋላ በመጀመሪያ የፈለግሁት የእንጉዳይን ፋይል ነው። የምስሉ የላይኛው ክፍል ጥርት ብሎ ወጣ፤ የጭኗ አጥንት ሸጋ ሆኖ ይታያል። ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ምስሉ በአንዴ አለቀ። ከዚያ በታች ሁሉም ቁጥር ዜሮ ነው። ዲስኩ እያረጀ ሲሄድ ያ ቦታ ተበላሽቶ ኖሯል። ሰላማዊት ልታጽናናኝ «በጊዜውም ብንከፍተው ይኼው ነበር» አለችኝ። ይሆናል። በጊዜው ተበላሽቶ ነበር ወይስ በኋላ ተበላሸ፣ የሚነግረኝ የለም። ዕጢው ያን ጊዜ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ያንንም አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። ያወቅሁት አንድ ነገር፣ ሌላው ሳይበላሽ መቅዳት እንዳለብኝ ነው። በዚያው ሳምንት ያለውን ሁሉ በሁለት ዲስክ ቀዳሁት።

የኔታ ፍሥሓ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከከተማው አድባራት በአንዱ ድጓ ያስተምራሉ፤ ስማቸውን ሳይሆን ድምፃቸውን ነው ሰው የሚያውቀው። ሳል ይዟቸው የደረት ሐኪማችን ዶክተር መላኩ ራጅ አዘዘላቸው። በአዲሱ ማሽን አነሳኋቸው። ከልብ ጀርባ፣ በግራ በኩል፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነጥብ ታየች። የአክታቸው ምርመራ ንጹሕ ነው። የሲቲ ማሽናችን መለዋወጫ እየጠበቀ ቆሟል።

ዶክተር መላኩ አስቀመጣቸውና በቀስታ ነገራቸው። «የኔታ፣ ይቺ ነጥብ የድሮ ጠባሳ ልትሆን ትችላለች። አዲስ ከሆነች ግን ካንሰር እንዳትሆን እሰጋለሁ። አዲስ አበባ ሄደው ይመረመራሉ፤ ደረትዎ ተከፍቶ የሳንባው ክፍል ሊወጣ ይችላል።»

«ከዚያ በኋላ ዜማ ይቻላል?» አሉ የኔታ።

«ትንፋሽዎ ይቀንሳል።»

«ምን ያህል?»

«እሱን ከወዲሁ ማወቅ አይቻልም» አለ ዶክተር መላኩ። የኔታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አስተካክለው፣ «በልጅነቴ፣ ቆሎ ተማሪ ሳለሁ፣ ሳንባዬን ታምሜ ነበር። ብዙ ሰነበትሁ» አሉ። ዶክተሩ ወደኔ ዞረ። «እትዬ ትርንጎ፣ ከዚህ በፊት እዚህ ተነሥተው ያውቁ ይሆን?»

ተነሥተው ነበር። በአሮጌው ማሽን። ፋይላቸውን በኮዴ አሳልፌ ምስሉን አወጣሁ፤ ጥርት ያለ ደረት ነው። ከዶክተር መላኩ ጋር አብረን አየነው። ነጥብ የለም። ልብ ያለበት ቦታ ወተት የመሰለ ነጭ ነው።

«እንግዲህ አዲስ ናት» አለና ለአዲስ አበባ የሚላከውን ወረቀት መጻፍ ጀመረ።

ወደ ክፍሌ ተመለስሁ፤ ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። ምስሉን ከዳር ጀምሬ እንደገና አየሁት። ትከሻ፣ ጎድን፣ ሳንባ፤ ሁሉ ሸጋ ነው። ልቡ ግን ነጭ ብቻ። እንዴት ነጭ ብቻ ይሆናል? ልብ ሥጋ ነው፤ ከጀርባው አከርካሪ አለ፤ አከርካሪው እንኳ አይታይም። አያ ምስጋናው ወረቀታቸውን ጠቅልለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ድቅን አሉብኝ። ብርሃኑን ቀንሺለት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ማሽኑ የጻፋቸው ቁጥሮች ብዙ ሺህ ደረጃ አላቸው። እኔ የማስቀምጠው ተራ የምስል ፋይል ግን የሚይዘው ሁለት መቶ ምናምን ደረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮዴ ብዙ ጎረቤት ቁጥሮችን እየጨፈለቀ አንድ ቀለም ይሰጣቸዋል። ደረቱ በሙሉ ደምቆ እንዲታይ ብዬ የመረጥሁት አደላደል፣ ልብ አካባቢ ያሉትን ትልልቅ ቁጥሮች ሁሉ «ነጭ» ብሎ ዘግቶባቸዋል። ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ ምስሉ ላይ ግን አንድ ናቸው።

ኮዱን ከፍቼ ሁለት ቁጥር ቀየርሁ። ልብ አካባቢ ካለው ዝቅተኛ ቁጥር በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ይሁን፤ ደረጃዎቹ በሙሉ ለዚያች ጠባብ ስፍራ ይሰጡ። አስቀመጥሁት፣ ከፈትሁት። ሳንባው ሁሉ ጠቁሮ ልቡ ብቻ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ከጀርባው የአከርካሪው አንጓዎች ተደርድረዋል። ከነሱ በስተግራ፣ ዳሯ የተቆረጠ ያህል የጠራ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነጥብ ተቀምጣለች።

ሮጥሁ ማለት ይቻላል። ዶክተር መላኩ ቢሮ የኔታም ተቀምጠው ነበር፤ ወረቀቱ ገና ማኅተም አልተመታበትም።

ዶክተሩ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየ። «እትዬ ትርንጎ፣ አትቀየሚኝና፣ ይኼ ከኮድሽ የመጣ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ? ቅድም አልነበረችም፤ አሁን መጣች።»

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር። ቁጥሮቹን ራሳቸውን ከፈትሁለት። ነጥቧ ካለችበት ስፍራ ያሉትን ቁጥሮች በዙሪያዋ ካሉት ጋር አስተያየኋቸው፤ የሷ ከፍ ይላሉ፣ ዳሯ ላይ በአንዴ ይወርዳሉ። «እኔ ቁጥር አልጨመርሁም። ማንኛው ነጭ ይሁን ማንኛው ጥቁር ብቻ ነው የመረጥሁት» አልሁት። ከዚያ የአዲሱን ማሽን ምስል በዚያው መንገድ አሳልፌ ጎን ለጎን አስቀመጥሁት። ያው ቦታ፣ ያው ቅርጽ። በማስመሪያ ሳይሆን በነጥብ ቆጥረን ለካናቸው፤ አንድ ናቸው።

የኔታ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። እያዩ ያሉት ምስሉን ሳይሆን ቁጥሩን ነው።

«ይኼ ሁሉ እኔ ነኝ?»

«አዎ የኔታ። ግራ ሳንባዎና ልብዎ ነው።»

«ታዲያ ይኼን እንዴት ታነቢዋለሽ?»

«የት ላይ ቆርጬ መስመር እንደማደርገው ካወቅሁ በኋላ ይነበባል። ካላወቅሁ ብናኝ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው። ከድጓው ፊደል በላይ ያሉት ምልክቶችም ላልተማረ ሰው ዝንብ የተራመደባቸው ይመስላሉ።»

ዶክተር መላኩ ወረቀቱን አልቀደደውም፤ አጥፎ ካርዱ ውስጥ አስገባው። «ለዓመታት ያላደገች ነጥብ፣ ዳሯም እንዲህ የጠራ፣ ያውም ሳንባ የታመመ ሰው፤ ጠባሳ ናት ብዬ አምናለሁ። ግን እምነት ብቻ አይበቃኝም። በየጊዜው እየመጡ እናያታለን። ትንሽ እንኳ ካደገች አዲስ አበባ ይሄዳሉ።»

«እስከዚያው?»

«እስከዚያው ያስተምሩ።»

የኔታ በየቀጠሮው መጡ። በመጡ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይዘው ሰሌዳው ፊት ሲቆሙ የኔም ትንፋሽ ይቆማል። ሳላቸው በመድኃኒት ለቀቃቸው። ሰላማዊት ደግሞ የቀረውን ዲስክ በሙሉ የሚያሳልፍ ኮድ አብራኝ ጻፈች፤ በነጠላ ስንሠራው የነበረውን ኮምፒዩተሩ ራሱ እየደጋገመ ይሠራው ጀመር። ዳቦ ጋጋሪ፣ ወታደር፣ መነኩሲት፣ የአዲስ ሙሽራ ደረት እየተከታተለ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከሁለት ቦታ ሐኪሞች የድሮ ምስል ሊጠይቁ መጡ፤ አንዳንዱ ተገኘ፣ አንዳንዱ እንደ እንጉዳይ ዜሮ ሆኖ ወጣ። ኃላፊያችን እንኳ አንድ ቀን በበሩ በኩል አንገቱን አስግጎ ቆሞ አይቶ፣ «አይ፣ ወደ ኋላ ማየትም ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ።

ለየኔታ ፍሥሓ የመጨረሻ የተባለው ቀጠሮ ከጡረታዬ በፊት በነበረው ወር ላይ ዋለ። አነሳኋቸው። ምስሉን ከአሮጌው ጎን አስቀምጬ፣ ልብ ያለበትን ብቻ ከፍቼ፣ ነጥብ በነጥብ ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ። ዶክተር መላኩን ጠራሁት፤ እሱም ቆጠረ።

«የኔታ» አላቸው፣ «አላደገችም። ጠባሳ ናት። ከእንግዲህ በሷ ምክንያት አይምጡብን።»

እልል ይላሉ፣ ያማትባሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ስክሪኑ ላይ ያለችውን ነጥብ በጣታቸው ጫፍ ሳይነኩ አመለከቷት፤ ይቺ ናት አይደል እንደማለት ወደኔ ዞር አሉ። ናት ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ከቆሎ ተማሪነታቸው ጀምሮ አብራቸው የኖረችውን ያቺን ነጥብ ጥቂት ካዩዋት በኋላ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«በይ እንግዲህ» አሏት፣ «አብረን እናርጅ።»